ፈቃድ የሌላቸው የጓሮ ክፍሎች

መጋቢት 4 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈራችን ታልፍ ነበር። «በመኖሪያ ቤታችሁ እንግዳ በአልጋ የምታሳድሩ፣ ያለ ፈቃድ የምትሠሩ ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀርባችሁ ተመዝገቡ! ካልሆነ ቤታችሁ ይታሸጋል!» መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በወላይትኛ። በሁለቱም ገባኝ። የሰው አጥር ተደግፌ መኪናዋ እስክትርቅ ቆምኩ።

ሦስቱ ክፍሎች ከጓሮ ናቸው። ባለቤቴ ቶማ የሠራቸው ልጃችን ኤርካሎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለወጪው እንዲያግዙን ብሎ ነው። ልጁ ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፈልን። ከዚያ ወዲህ እንግዳ አልጠፋም። ሆስፒታል በሽተኛ የሚያስታምሙ አሉ፣ ለቅዳሜና እሑድ ትምህርት የሚመጡ አሉ፣ ሠርግ የተጠሩ አሉ። አድረው ይሄዳሉ፤ የብዙዎቹን ስም እንኳ አልያዝኩም።

ፈቃድ የለንም። ግብር ከፍለን አናውቅም። ክፍሎቹ ራሳቸው በቤቱ ፕላን ላይ የሉም።

ለቶማ ስነግረው ሳቀ። «እቺ መኪና በየዓመቱ ትዞራለች፤ ምን ያስደነግጥሻል?» ነገ እህል ሊጭን ወደ በዴሳ ይወጣል። እሱ ምን አለበት፣ ውሎው አይሱዙው ላይ ነው። በር ሲንኳኳ የምከፍተው እኔ ነኝ።

ጸሎቴ በወላይትኛ ነው። ፍርሃቴን ግን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ቢሮው የሚያስፈራራኝ በአማርኛ ስለሆነ ይሆናል።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎረቤታችን ክብረት በሰው መሀል ያዘችኝ። «የኤርካሎ እናት፣ እናንተ ቤት ሰው በዛ ልበል?»

«ዘመድ ነው» አልኳት። በእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ!

ክብረት ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ግቢያችን የሚለየው በአንድ አጥር ነው፤ ከእንሰቷ መሀል ሆና የሚገባውን የሚወጣውን ታያለች። ትጠቁመን ይሆን? ለምን በሰው ፊት ጠየቀችኝ?

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

አዲስ እንግዳ። አያልነሽ ትባላለች፤ ከሴት ልጇ ከሃይሚ ጋር። የሰሜን ሰው ናት፤ በሌላ ከተማ የጤና ላቦራቶሪ ባለሙያ ሆና ትሠራለች፤ የሥራ ዝውውሯ እስኪያልቅ ነው አለችኝ። የፊተኛውን ክፍል ብሰጣት እምቢ ብላ ከሁሉም በስተውስጥ ያለውን፣ በእንሰቱ በኩል ያለውን መረጠች።

«እትዬ ሰገነት፣ መታወቂያ የግድ ነው?»

«አይደለም አይደለም» አልኳት። እንደዚያ ስላለችኝ ደስ አለኝ። ያልተጻፈ እንግዳ አልመጣም ማለት ነው።

ከጆሮዋ በታች እስከ አንገቷ ሰምበር አለ። ባጃጅ ገፍቶኝ ነው አለች። የዚህ ከተማ ባጃጆች ነገር እኮ!

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሌላ መምህርት እንድትይዝልኝ ለምኜ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ስጠብቅ ሁለት ጊዜ ልመለስ ተነሥቼ ነበር። ያስተናገደኝ ፍሬዘር የሚባል ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

«ሥራው ምንድን ነው እናቴ?»

«እንግዳ እናሳድራለን።»

«ፔንሲዮን ነው? ጌስት ሃውስ ነው? ወይስ ቤት ማከራየት?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰውየው ውል ተዋውሎ ለወራት የሚኖር ከሆነ ቤት ማከራየት ነው፤ ውሉ ይመዘገባል፣ የኪራይ ግብር ይከፈላል። በቀን አልጋ የሚይዝ ከሆነ ግን ንግድ ነው። ንግድ ከሆነ ደግሞ የግብር ከፋይ ቁጥር ማውጣት፣ መመዝገብ፣ ክፍሎቹን አስመርምሮ የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት፣ ከዚያ በኋላ ነው ፈቃዱ። በቀስታ ነው ያስረዳኝ፤ እኔ ግን ከጭንቀቴ የተነሣ ግማሹን አልሰማሁትም።

«ካርታ አላችሁ?»

«ቤቱ አለው።»

«ክፍሎቹስ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ይሄን እኔ አልሰማሁም። መጀመሪያ ቀበሌ ሄደው የግንባታውን ነገር ያስተካክሉ» አለኝ።

ቀበሌ ስሄድ፣ «መጀመሪያ ንግድ ይመዝግብዎትና ይምጡ» አሉኝ።

በመካከል ቆሜ ቀረሁ። ካልተመዘገብኩ ይታሸጋል። ብመዘገብ ክፍሎቹ ያለ ፈቃድ እንደተሠሩ በራሴ አፍ መናገሬ ነው።

መጋቢት 18

ቶማ ደወለ። ነገርኩት። «ሄደሽ አፍሽን ከፈትሽ? ጅብን በሬ አሳየሽው በይኛ!» ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ክብረት ዛሬም አጥሩ ሥር ነበረች። ጎመን የምትቆርጥ መስላ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

አያልነሽ ከክፍሏ አትወጣም። ሁዳዴ ስለምትጾም የእኛን አገር ሥራ ሥር፣ ቦዬ፣ ቀቅዬ ከሚያቃጥለው ዳታ ጋር ወሰድኩላት። በሩን የከፈተችልኝ ድምፄን ከለየች በኋላ ነው። ሃይሚ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ፣ «እማዬ፣ ለአባዬ ትነግርብናለች?» አለቻት።

እናቲቱ ደነገጠች። ከዚያ እንባዋ መጣ። ባሏ ተሻገር ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱ ሰው የሚያውቅ፣ ለሁሉም ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ነው። ከዚህ በፊት ሸሽታ ሻሸመኔ ሆቴል ስትይዝ፣ ከእንግዳ መዝገብ ላይ ስሟን አስነብቦ በማግስቱ መጥቶ ወስዷታል። ሲወስዳት በሰው ፊት እጇን ይዞ፣ እየሳቀ ነው። ቤት ሲደርሱ ያደረገውን አልነገረችኝም። አንገቷን ነው የነካችው።

«አንቺ ቤት የመጣሁት ስም ስለማትጽፊ ነው» አለችኝ። «እባክሽ እትዬ፣ ዝውውሬ እስኪያልቅ ብቻ።»

«አይዞሽ፣ ማን ይጽፍሻል» አልኳት። አልኩ እንጂ።

የሰው ችግር ተሸክሜ መቼ ልተኛ ነው? የራሴ አንሶኝ?

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ከቀነ ገደቡ በፊት ለቀረቡ ጊዜያዊ ምዝገባ ይሰጣል ተባለ። ፍሬዘር ራሱ ደውሎ ጠራኝ። ፈረምኩ። ከምርመራው በፊት የግንባታውን ነገር ለማስተካከል ጊዜ ሰጡን። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነልኝም፤ አንድ ግዴታ አለበትና። ያደሩት እንግዶች ስምና መታወቂያ በየቀኑ ለቀበሌው የጸጥታ ሠራተኛ ይሰጣል።

«ለምን ያስፈልጋል?» አልኩት።

«ለጸጥታ ነው እናቴ። ለራስዎም ይጠቅማል። ክፉ ሰው ቢያድርብዎትስ?»

እውነቱን ነው። የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ስለ አያልነሽ ልንገረው ብዬ ነበር፤ ከኋላዬ ሰው ቆሞ ነበር፤ ተውኩት።

ሚያዝያ 1

አንጁሎ፣ የጸጥታው ሠራተኛ፣ መጣ። ሁለት እንግዶች ብቻ አሉ አልኩ፤ አያልነሽንና ልጇን ዘለልኳቸው። ገመዱ ላይ የተሰጣውን የሃይሚን ቀሚስ አየ። «የእናንተ ልጅ ትልቅ አይደለም እንዴ? ይሄ የማን ነው?» በወላይትኛ፣ በፈገግታ። እንግዳ ደብቆ የተገኘ ምዝገባው ይሰረዛል፣ ለምን ትቸገሪያለሽ አለኝ። ስማቸውን ከነክፍላቸው ጽፌ ሰጠሁት።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ለአያልነሽ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ላስጨንቃት? ወረቀቱ መሳቢያ ገብቶ አቧራ ይበላዋል። በዚህ ከተማ በየቀኑ ስንት እንግዳ ይጻፋል፤ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል? ደግሞ የአባቷን ስም በደንብ አልጻፍኩትም፤ ፊደሉ የሚነበብ አይመስለኝም።

ዛሬ ፀጉርሽን ልሥራሽ አለችኝ። እምቢ አልኳት። እጇ አንገቴ ላይ እንዲያርፍ አልፈለግኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁንማ በሕግ ነው የምሠራው። ለምን ነው እንግዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ የሚዘለው?

ሚያዝያ 8

አንድ ሰው ደወለ። አልጋ ይፈልጋል። ጥሩ አነጋገር ያለው፣ ጨዋ። «ውስጠኛው ክፍል ተይዟል?» አለኝ። ተይዟል አልኩት። አመስግኖኝ ዘጋ።

ውስጠኛ ክፍል መኖሩን ቴሌግራም ላይ ፎቶውን አይቶ ይሆናል። እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ጌታ ሆይ።

ዛሬ ግማሽ ቀን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ዝናቡ የዳሞታን ተራራ ሸፍኖ ሲወርድ በር ተንኳኳ። ጥቁር ጃንጥላ የያዘ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው ሰው ቆሟል። በሌላ እጁ ሙዝ ይዟል።

«እትዬ ሰገነት እርስዎ ነዎት? ተሻገር እባላለሁ። ባለቤቴና ልጄ እዚህ አርፈዋል፤ ለፋሲካ ልወስዳቸው መጥቼ ነው።»

በስልክ የሰማሁት ድምፅ ነው።

«ተሳስተዋል። እንደዚህ ያሉ እንግዶች የሉንም» አልኩ።

«የሉም?» ፈገግ አለ። «ይሁን፤ ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ ልቀመጥ ግድ የለም?» ሳልፈቅድለት ገብቶ ተቀመጠ። ጃንጥላውን አራግፎ አጠፈ። ሁሉን ነገር በቀስታ ነው የሚያደርገው። «ቤትዎ ጥሩ ነው። ምዝገባችሁ ግን ገና ጊዜያዊ ነው አይደል? ከኋላ ያሉት ክፍሎችም ፕላን ላይ ያሉ አይመስለኝም።»

ይህን ከቢሮው ሰዎችና ከእኛ በቀር ማን ያውቃል? ሻይ ላምጣ ብዬ በማድ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ወጣሁ። ለመሮጥ ፈልጌ መሮጥ አቃተኝ፤ ኮቴዬን ይሰማል ብዬ።

አያልነሽ ድምፁን ሰምታለች። ከበሩ ጀርባ ቆማ የሃይሚን አፍ በእጇ ይዛለች። ልጅቷ አታለቅስም፤ ዝም ብላ ታየኛለች። ዝም ማለትን የለመደች ልጅ ናት። ወዴት ልሰዳቸው? ዋናው በር በእሱ ፊት ነው።

የአጥሩ ቆርቆሮ ሲንኮሻኮሽ ዞርኩ። ክብረት ናት። በእንሰቱ ቅጠሎች መሀል ዝናብ እየወረደባት ቆማለች። የቆርቆሮውን ጫፍ በሁለት እጇ ቀልብሳ ይዛዋለች። አለቀልን፣ አሁን ትጮኻለች አልኩ።

«ልጅቷን አቀብዪኝ» አለችኝ በወላይትኛ። «ቶሎ በይ እንጂ!»

ሃይሚን አቀበልኳት። አያልነሽም ጎንበስ ብላ ሾለከች፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ክንዷን ሸረከታት፤ ድምፅ አላሰማችም። ክብረት ነጠላዋን አልብሳ ይዛቸው ገባች።

ሻዩን ይዤ ተመለስኩ። እሱ ተቀብሎ ጎኑ አስቀመጠው። አልጠጣም። «ክፍሎቹን ላያቸው?» አለኝ። «ይዩ» አልኩት፤ ሌላ ምን ልበል?

የሁለቱን ክፍሎች በር ከፍቼ አሳየሁት፤ ባዶ ናቸው። ውስጠኛው ላይ ቆመ። አንድ ሰሐን ላይ የተቆረሰ እንጀራና ሽሮ ነበር። በጣቱ ነካ አደረገው።

«ምሳቸውን እንኳ ሳይጨርሱ» አለ።

ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ፣ «እትዬ፣ የሰው ትዳር መሀል መግባት ጥሩ አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ሲታሸግ ያሳዝናል» አለኝ። ሙዙን ለልጅቷ ብሎ ጥሎት ሄደ።

በሩን ቆልፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ሙዙን ግን ለማንም አልሰጠሁትም፤ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ምን ሆኜ ነው?

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ክብረት ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ዱቦ ወሰደቻቸው፤ እዚያ እህቷ አለች። ስትመለስ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። ደርሰዋል አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ታውቂ ነበር አልኳት።

«ልጅቷ በእንቅልፏ ስትጮኽ በአጥሩ በኩል እሰማት ነበር። አንቺ አትሰሚም ነበር እንዴ?»

የተቀለበሰውን ቆርቆሮ ማቃናት ጀመርኩ።

«ቤታችሁ ሰው በዛ ወይ ያልኩሽም ብቻዬን ነኝ፣ አንዳንዴ ጥሪኝ ብዬ ነው» አለችና ሄደች።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

አሸጉት። ፍሬዘር ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ጥቆማ ደርሶናል አለ፤ ዓይኔን አላየም። በየበሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉ። ቅጣት አለ፤ የክፍሎቹም ዕጣ ገና በግንባታ በኩል ይወሰናል፣ ሊፈርሱም ይችላሉ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ።

ፍሬዘር ሲወጣ ቀስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ደግሞ ያን ቀን የነገርኩዎት ለመልካም ነበር» አለኝ። አውቃለሁ። ደንቡ አይደለም የከፋው።

ቶማ ማታ ገብቶ ወረቀቱን አየ። «ለማናውቃት ሴት?» አለ። ደጋግሞ። «ለማናውቃት ሴት ሰገነት?» ባሏ እንዴት እንዳገኛት ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሰውየው ብዙ ሰው ያውቃል አልኩት። እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ያውቃል።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ዱቦ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ በእግር ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አሁንም አሁንም ወደ ኋላዬ አያለሁ። ልነግራት ነበር የሄድኩት።

አያልነሽ ከክብረት እህት ጋር ቦሎቄ እየፈለፈለች አገኘኋት። ቀልጣ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። ስታየኝ ግን ተነሥታ አቀፈችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ዛሬ የት ነበርኩ?» አለችኝ። በእኔ ሰበብ ቤትሽ ታሸገ ብላ አለቀሰች። ክስ ልትመሠርት ወስናለች፤ የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ አነጋግራታለች። «እንዴት እንዳገኘኝ ነው እኮ ያልገባኝ» አለችኝ።

ሳልነግራት ተመለስኩ። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ነው። ጊዜ አልነበረም።

ጊዜ ነበር። ቦሎቄውን አብረን ፈልፍለን ነው የጨረስነው።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ለምስክርነት ተጠራሁ። ሰውየው ቤቴ መምጣቱን፣ ያለውንም እንድናገር።

ስልክ ይደወላል፤ ሳነሣው ዝም። ትናንት ሁለት ጊዜ። ትምህርት ቤት በር ላይ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው አይቼ ልጆቹን ትቼ ክፍል ውስጥ ተደበቅኩ፤ የአንዷ ተማሪ አጎት ነው።

ቶማ አትሄጂም አለ። «ቃልሽን ስትሰጪ ያለ ፈቃድ ስንሠራ እንደነበር አብሮ ይጻፋል። የስንት ዓመት ግብር ቢጠይቁንስ? ደግሞ ያ ሰው መንገድ ላይ ቢጠብቅሽ?» ድሮ እሱ ያጽናናኝ ነበር። አሁን ሁለታችንም በሩን እናያለን።

ባልሄድስ? አመመኝ ብልስ? ክብረት አለች፤ እሷ ትናገር። እሷ ግን በረንዳው ላይ ያለውን አልሰማችም። የአያልነሽንም ስም የጻፈችው እሷ አይደለችም።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ሄድኩ።

ቶማ ሳይነጋ መኪናውን አስነሥቶ ወጥቶ ነበር፤ ደኅና ዋይም አላለኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሁለት ጊዜ ሾፌሩን መልሰኝ ልለው ነበር፤ አላልኩትም።

ቃል የሚቀበሉበት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ጠባብ ነው። ቃል ተቀባዩ ጠና ያለ ሰው፣ ወልደመስቀል ይባላል። አያልነሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ተሻገር አልነበረም፤ ለሌላ ቀን ነው የተጠራው። እስከዚያ እንዳይደርስባት ታዟል አሉ። እኔ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር እበረግጋለሁ።

ስሜን፣ አድራሻዬን ጻፈ። ሰውየው እንዴት እንደመጣ፣ ምን እንዳለ ተናገርኩ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እንግዲህ ተደብቃ ነበር ካላችሁ፣ ተከሳሹ ያለችበትን በምን አወቀ?» አለኝ።

«አላውቅም» ልል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አያልነሽ እያየችኝ ነው፤ መልሱን እሷም ትፈልገዋለች።

«ስሟን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «አትጻፊኝ ብላኝ ነበር። የቤቴ ነገር አስፈርቶኝ ጻፍኳት። ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ ማን እንዳሳየው አላውቅም። ከወጣው ግን ከእኔ እጅ ነው።»

ወልደመስቀል መጻፉን ቀጠለ። አያልነሽ ጭንቅላቷን አቀረቀረች። ቀና አላለችም። ወድቄ ብሞት በወደድኩ።

«ክፍሎቹን በምን ፈቃድ ነበር የምታከራዩት?»

«በመጀመሪያ ያለ ፈቃድ ነው።»

«የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

ያን ጊዜ ከኋላዬ በሩ ተከፈተ፤ ጮኽኩ መሰለኝ። ቶማ ነው። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ የእህል አቧራ ፀጉሩ ላይ አለ። ከበዴሳ መንገድ ነው የተመለሰው። ኮፍያውን አውልቆ ከጎኔ ቆመ።

«ቤቱ የሁለታችን ነው» አለ። «ክፍሎቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ። እንዳንመዘገብም ያልኩት እኔ ነኝ። የእኔንም ስም ጻፍልኝ።»

ሰውየው የአባቱንና የአያቱን ስም ጠይቆት ጻፈ።

ስንወጣ አያልነሽ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። አላቀፈችኝም። ቆይታ፣ «ሃይሚ ትጠይቅሻለች» አለችኝ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አላወቅኩም፤ አልጠየቅኳትም።

ደጅ ላይ ቶማ እጄን ያዘ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከእኔ ይብሳል። ይህን ሁሉ ዓመት የማይፈራ ሰው ያገባሁ ይመስለኝ ነበር።